ለስላሳው ሻርፕ

አራሚው በሕይወቱ ያላረመው ነገር ቢኖር ራሱን ብቻ ነው። ዕድሜውን የፈጀው በአንድ ጋዜጣ ምድር ቤት፣ አንድ አምፖል ሥር ተቀምጦ የሌላ ሰው ስሕተት ሲለቅም ነው። ባልደረቦቹ ሊያበሽቁት "ቀይ እስክሪብቶ" ብለው ስም ቢያወጡለት እሱ እንደ ሹመት ተቀበለው። በራሱ የሠርግ ጥሪ ወረቀት ላይ ስሕተት አግኝቶ፣ ወረቀቱ እንደገና ካልታተመ አላገባም ብሎ ድርቅ ያለ ሰው ነው። ባለቤቱ ይህን ታሪክ ባወራች ቁጥር መጨረሻው ያው ነው፤ ያኔ ነበር መንቃት የነበረብኝ ትላለች።

ጡረታ ሲወጣ ጉዱ ፈላ። የሚታረም ጠፋ። መጀመሪያ ከመድኃኒት ካርቶን ውስጥ የሚወጣውን ወረቀት አረመ፤ ቀጥሎ የውሃ ክፍያ ደረሰኝ አርሞ ለመሥሪያ ቤቱ መለሰ፤ ከዚያም የሰፈሩን ፀጉር ቤት ማስታወቂያ በመሰላል ወጥቶ ሊያስተካክል ሲሞክር ፀጉር አስተካካዩ መሰላሉን ከሥሩ ወስዶበት እዚያው ተንጠልጥሎ ቀረ። ባለቤቱ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት። ስንቱን ነጭናጫ በሽተኛ የቻለች ሴት ይኼን ጤነኛ ግን አልቻለችውም። የገበያ ማስታወሻዋን በቀይ አሸብርቆ ሲመልስላት፣ ወረቀቱን አጣጥፋ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተችለትና፣ ወይ እሱ የሚታረም ነገር ፈልጎ ከቤት እንዲወጣ፣ ወይ እሷ እንደምትወጣ ነገረችው። የዓይነ ስውራን ቤተ መጻሕፍት በነጻ የሚያርም ሰው እንደሚፈልግ ያመለከተችውም እሷ ናት። ለዓይነ ስውራኑ አስባ እንዳይመስላችሁ፤ ለራሷ አስባ ነው።

ቤተ መጻሕፍት ይባል እንጂ አንድ ረጅም ክፍል ነው። መስኮቱ ወደ መኪና ማቆሚያ ይከፈታል፤ ውስጡ ሁለት ኮምፒዩተር፣ አንድ ማራገቢያ፣ ባለረጅም እጀታ የወረቀት መቁረጫና አንድ ስካነር አለ። እዚህ ቤት መጽሐፍ ሲገባ በመጀመሪያ ጀርባው ይቆረጣል። ገጾቹ አንድ በአንድ ስካነሩ ላይ ይነሣሉ፤ ኮምፒዩተሩ የገጹን ፎቶ ወደ ፊደል ይለውጣል፤ ፊደሉን ደግሞ አንባቢዎቹ ስልክ ውስጥ ያለው የማሽን ድምፅ ያነብላቸዋል። የተቆረጡት ገጾች በሲባጎ ታስረው መደርደሪያ ላይ ይቀመጣሉ።

ችግሩ መኻል ላይ ነው። ኮምፒዩተሩ ሰን ከለ አይለይም፤ ሳሙናውን ላሙና፣ እሳቱን እላት ይለዋል። የገጽ ቁጥር ካገኘም አይምርም፤ አምጥቶ ዓረፍተ ነገሩ መኻል ይደነቅረዋል። አንድ የፍቅር መጽሐፍ ውስጥ ጎረምሳው ተንበርክኮ "እወድሻለሁ መቶ አርባ ሰባት" ብሎ ነበር፤ ልጅቷም እያለቀሰች "እኔም" አለችው። እንዲህ ያለውን የሚለቅም ሰው ያስፈልጋል። ስካነሩ ራሱ ደግሞ ዕድሜ ጠግቧል፤ ክዳኑ በላስቲክ ታስሮ፣ በየገጹ እያቃሰተ ነው የሚሠራው። ለአዲስ የሚሆን ገንዘብ የለም። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ፣ ቀጭን ወጣት ሴት ናት፣ ክዳኑን በዘጋች ቁጥር ይኼ የሞተ ቀን እኛም አብረን ነን ትላለች።

ኃላፊዋ ገና በመጀመሪያው ቀን ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ደንብ አነበበችለት። ወረቀቱ ላይ ያለውን፣ ያለውን ብቻ። ደራሲው እንኳ ቢሳሳት ስሕተቱ የደራሲው ነው፤ አይነካም። አራሚው በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ፤ በሆዱ ግን ይህ ለጀማሪዎች የወጣ ደንብ ነው አለ። እሱ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በየመጽሐፉ መጨረሻ የአራሚው ስም እንዲጻፍ። ኃላፊዋ ምን ቸገራት፣ እሺ አለች። ከዚያ ወዲህ አንባቢዎቹ የትኛውንም ልብ ወለድ ሲጨርሱ፣ ጀግናው ሞቶ፣ ሚስቱ አልቅሳ ገና እንባቸውን ሳይጠርጉ፣ ማሽኑ የአራሚውን ስም እስከነአያቱ ያነብላቸው ጀመር።

እውነቱን ለመናገር ሥራውን ይችልበታል። በእሱ እጅ ያለፈ ገጽ ላይ የተሳሳተች ነጥብ እንኳ አትገኝም። ቢያቅተው ኖሮ ይሻል ነበር፤ ቶሎ ያሰናብቱት ነበር። ክፋቱ፣ ይችላል፤ በዚያ ላይ ደግሞ ርኅሩኅ ነው።

አንድ ጠዋት የአንባቢዎቹ ክበብ ሰብሳቢ የሆነችው ጠበቃ በነጭ ዘንጓ ወለሉን እየነካካች ገባች። ዓይኗን ያጣችው ተማሪ ሳለች ነው። ከዚያ ወዲያ ሕግ ተምራ፣ የራሷን ቢሮ ከፍታ፣ ምላሷን የማይፈራ ዐቃቤ ሕግ እስኪጠፋ ድረስ ስትሟገት የኖረች ሴት ናት። አራሚው ይህን ሁሉ አላየም፤ ያየው ዘንጉን ብቻ ነው። አዘነላት። ከመቀመጫው ዘሎ ተነሣና ክንዷን አፈፍ አድርጎ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየጎተተ፣ ከፍ ባለ ድምፅ፣ ወንበር እዚህ እንዳለ፣ ወንበሩም አራት እግር እንዳለው፣ እንዳትፈራ ይነግራት ጀመር።

"ጋሼ፣ ጆሮዬ ደህና ነው" አለችው ጠበቃዋ። ክንዷን አስለቅቃ ወንበሯን ራሷ ሳበች፣ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጠፈች፣ ማሽኑ እንደ ተቆጣ ንብ መንጫጫት ጀመረ። እነዚህ ሰዎች መጽሐፍ የሚሰሙት በዚህ ፍጥነት ነው፤ ለለመደው ጆሮ ቃሉ አንድ በአንድ ይለያል። አራሚው ግን ስልኩ የተበላሸ መሰለው። የተበላሸ ስልክ ይዛ ዝም የምትል ምስኪን ብሎ ጨምሮ አዘነላት።

ወደ ኮምፒዩተሩ ሲመለስ ገጹ ላይ የሚጠብቀው "ፀሐይዋ እንደ ደም ቀልታ ስትጠልቅ" የሚል ነበር። ቀና ብሎ ጠበቃዋን አየ፤ ዝቅ ብሎ ገጹን አየ። ይህን ለዚህች ልጅ እንዴት ተደርጎ ይነበብላታል? ቁስሏን መነካካት አይሆንም ወይ? "እንደ ደም ቀልታ" የሚለውን አጠፋና "ቀስ ብላ ቀዝቅዛ" ብሎ ጻፈ። ደረቱ ውስጥ ሙቀት ተሰማው። ደግ ሥራ የሠራ ሰው የሚሰማው ሙቀት ነው፤ አንዴ የቀመሰው ሰው ደግሞ አንዴ ላይ አያቆምም።

ከዚያ ማን ይያዘው? ቀለማቱን ጠራርጎ ጨረሳቸው። ጥቁሩ መኪና ከባድ መኪና ሆነ፤ ሰማያዊው ቀሚስ ቀለል ያለ ቀሚስ፤ ቀይ ወይን ጎምዛዛ ወይን። ቀለም ሲያልቅ ወደ ዓይን ዞረ። ዓይን ለዓይን የተገጣጠሙ ፍቅረኞች ሁሉ ድምፅ ለድምፅ ተገጣጠሙ። "እስክንተያይ ደህና ሁኚ" ብሎ የዘመተው ወታደር "እስክንሰማማ ደህና ሁኚ" ብሎ ዘመተ፤ ያልተጣላትን ሚስቱን። አራሚው ይህን ሁሉ ሲያደርግ አንድም ቀን ሕሊናው አልጎረበጠውም። እንዲያውም ከቀን ወደ ቀን ለራሱ ያለው ግምት እየጨመረ ሄዶ፣ መንገድ ላይ ዘንግ የያዘ ሰው ባየ ቁጥር ሳያውቀኝ እየጠቀምኩት ነው እያለ ፈገግ ይል ጀመር።

ራት ላይ ለባለቤቱ አፉን ሞልቶ ነገራት። ባለቤቱ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"ጠይቀሃቸዋል?" አለችው።

"እንዴት ተብሎ ይጠየቃል? ይከፋቸዋል እኮ።"

"ሳትጠይቃቸው እንደሚከፋቸው በምን አወቅህ?"

እሱ ይህንን የነርስ ድርቅና ነው ብሎ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። እሷም ቢያንስ ከቤት ወጥቶልኛል ብላ ማንኪያዋን አነሣች። ጥፋት ከተባለ የእሷም ድርሻ ይኼው ነው።

ነገሩ በዚሁ ቢቀጥል ኖሮ ማንም ሳያውቅ፣ የከተማው ዓይነ ስውራን ቀለም በሌለው ዓለም ውስጥ የሚኖሩ ደራሲያንን ሲሰሙ በኖሩ ነበር። ግን ውድድር መጣ። አንድ የቢሮ ዕቃ ነጋዴ የንባብ ክበቦችን አወዳድሮ፣ አሸናፊው ክበብ ከመደብሩ የፈለገውን አንድ ዕቃ እንዲወስድ አደርጋለሁ አለ። ለመጨረሻው ዙር የደረሱት የባንክ ሠራተኞች ክበብና የዓይነ ስውራኑ ክበብ ናቸው። ሁለቱም አንድ መጽሐፍ አንብበው መድረክ ላይ ይጠየቃሉ። የዓይነ ስውራኑ ክበብ ከነጋዴው መደብር የሚፈልገውን ለመምረጥ ስብሰባ እንኳ አላስፈለገውም። አዲስ ስካነር። አሮጌው በዚያ ሰሞን በየአሥር ገጹ ቆም እያለ ማሰብ ጀምሮ ነበር።

ለውድድሩ የተመረጠው ወፍራም የወንጀል ልብ ወለድ ነው። አሮጌው ስካነር እንደ ምንም አቃስቶ ጨረሰው፤ ከዚያ ለአራሚው ተሰጠ። አራሚው ይህ የውድድር መጽሐፍ ነው ብሎ ልዩ ጥንቃቄ አደረገለት። ወዮለት ልዩ ጥንቃቄ ለተደረገለት መጽሐፍ! ታሪኩ እንዲህ ነው፤ አንዲት ሀብታም ሴት በገዛ ሻርፗ ታንቃ ትገኛለች። ሻርፑን የገዛችው የዚያኑ ዕለት ጠዋት ነው። የወንድሟ ልጅ ካየኋት ዓመት አልፎኛል ብሎ ይምላል፤ ኋላ ግን ወሬ መኻል "ያ ቢጫ ሻርፕ" ብሎ ያመልጠዋል። መርማሪው አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ካላየኻት ቢጫ መሆኑን በምን አወቅህ ይለዋል። በቃ፣ መጽሐፉ በሙሉ የተንጠለጠለው በዚያች ቢጫ ላይ ነው።

አራሚው ቢጫዋን በየገጹ እያሳደደ "ለስላሳ" አደረጋት። ባለሙያ ስለሆነ አንዷም አላመለጠችውም። መርማሪው ማዶ ካለው ሰገነት ላይ ሆኖ በርቀት መነጽር ተጠርጣሪውን ሲከታተል የሚያድርበት ምዕራፍም ነበር፤ አራሚው መነጽሩን ቀምቶ ጆሮ ሰጠው። ሰውዬው ሰፊ አደባባይ ተሻግሮ፣ በተዘጋ መስኮት ውስጥ የሚደረግ ሹክሹክታ ይሰማ ጀመር። መርማሪ ሳይሆን የሌሊት ወፍ ሆኖ አረፈው።

ጉደኛው ነገር፣ ክበቡ መጽሐፉን ወደደው። እስከዛሬ እንዲህ የወደዱት መጽሐፍ የለም። ሲወለድ ጀምሮ ዓይነ ስውር የሆነው ፒያኖ አስተካካይ፣ ይህን የጻፈው ሰው ከእኛ አንዱ ነው ብሎ ተናገረ። ካልዳሰሰ በቀር ሻርፑ ለስላሳ መሆኑን በምን አወቀ ብሎ ገዳይ መያዝ፣ ዓይን ያለው ሰው አእምሮ ውስጥ የሚመጣ ነገር አይደለም አለ። ጠበቃዋ ወሬ ቶሎ የምታምን ሰው አይደለችም፤ ደጋግማ ሰማችው። ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ቁጭ ብላ ለኃላፊዋ እንዲህ አለቻት፤

"መጽሐፍ ውስጥ ሁልጊዜ እንግዳ ነኝ። ሰው ቤት ገብቼ ጥግ ላይ እንደተቀመጥኩ ነው የሚሰማኝ። እዚህኛው ውስጥ ግን ቤቴ ገባሁ።"

አራሚው ይህን ከኮምፒዩተሩ ኋላ ሆኖ ሰማ። እንባውን ሊጠርግ ወደ መኪና ማቆሚያው ወጣ። ምን እንዳደረገ ሊነግራት ዳድቶት ነበር፤ ትሑት ስለሆነ ተወው። በእሱ ቋንቋ ትሕትና ማለት ይህ ነው።

የውድድሩ ቀን አዳራሹ ጢም አለ። አራሚው ባለቤቱን ይዞ ከፊት ሁለተኛው ረድፍ ተቀመጠ፤ ከረቫት አሥሯል። መድረኩ ላይ በአንድ ጠረጴዛ ባንከሮቹ፣ በሌላው ጠበቃዋ፣ ፒያኖ አስተካካዩና ሌላ አንድ የክበቡ አባል ተቀምጠዋል። ጥያቄው ሲወርድ፣ የሴትየዋ ቤት ስንት በር አለው፣ ኑዛዜውን ማን አረቀቀው፣ ጠበቃዋ ደወሉን እየቀደመች ትመልሳለች፤ ባንከሮቹም አልሰነፉም። ነጥቡ እኩል ሆኖ የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ደረሱ። የመድረክ መሪው፣ ራሱን የሚወድ ድምፀ ጎርናና ሰው ነው፣ መርማሪው ገዳዩን የያዘው በምንድን ነው ብሎ ጠየቀ።

ጠበቃዋ ጥያቄው ሳያልቅ ደወለች። ችሎት ፊት እንደምትናገረው ረጋ ብላ፣ ገዳዩ ሻርፑ ለስላሳ መሆኑን በመናገሩ ነው፤ ያልዳሰሰው ሰው ልስላሴውን ሊያውቅ አይችልም አለች።

ከባንከሮቹ አንዱ ሳቅ አመለጠው። የመድረክ መሪው አንገቱን ወደ ጎን አዘንብሎ፣ መልሱ ቢጫ መሆኑን ማወቁ ነው አለ።

"መጽሐፉ ውስጥ ቢጫ የሚል ቃል የለም" አለች ጠበቃዋ።

መሪው የታተመውን መጽሐፍ ገልጦ በማይክሮፎን አነበበላት። ቢጫ ይላል። ፒያኖ አስተካካዩ በዚህ ጊዜ መታገሥ አቃተውና፣ ሊሆን አይችልም፣ ደራሲው እኮ እንደ እኛ ዓይነ ስውር ነው አለ። መሪው ሳቀ፤ ክፋት አልነበረበትም። ደራሲው በሙያቸው ሠዓሊ እንደሆኑ ገለጸ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

የጠበቃዋ ፊት እንዴት እንደሆነ ሁለተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠ ሰው በደንብ ያያል። አራሚው አየ። የባለቤቱ ክርን ጎኑን ወጋው።

"ተነሥ" አለችው በዝግታ። "ተነሥና ተናገር።"

ይህ ሰው ስብሰባ ላይ ተናጋሪ አንዲት ቃል ሲሳሳት እጁን አውጥቶ የሚነሣ ሰው ነው። በጓደኛው ልጅ ምረቃ ላይ ተነሥቶ ያውቃል። ያን ቀን ግን አልተነሣም። ጉሮሮዬ ደርቋል አላት። በሁለት ቃል ነገሩ ያልቅ ነበር፤ እነሱ የሰሙት መጽሐፍ ሌላ ነው ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። አላለም።

እሱ ዝም ሲል መሪው ራራ። ርኅራኄ ተላላፊ ነው መሰለኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለእነዚህ ወገኖቻችን ቢጫ ሆነ ለስላሳ ልዩነት የለውም፣ ለማበረታታት ያህል ነጥቡን እንስጣቸው፣ ሞቅ ያለ ጭብጨባ አለ። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። አንዳንዱ እንባውን ጠረገ። ነጋዴው ከፊት ወንበር ላይ ሆኖ እሺታውን በራሱ ንቅናቄ ሰጠ። ስካነሩ የዓይነ ስውራኑ ሆነ ማለት ነው።

ጠበቃዋ ተነሥታ ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቀች።

"ነጥቡን አልወስድም" አለች። "የመለስኩት መልስ ተሳስቷል። ተሳስተሻል በሉኝ።"

መሪው ሊያባብላት ሞከረ፤ ወይ ፍንክች። ፒያኖ አስተካካዩም እጁን ዘርግቶ ክንዷን ነካና ከጎኗ ቆመ። ባንከሮቹ አሸነፉ። የንባብ ክበባቸው ከመደብሩ የመረጠው ግድግዳ የሚያህል ቴሌቪዥን ነው።

የአራሚው ባለቤት እስከ ቤት ድረስ ቀድማው ሄደች። እሱ በየመንገዱ የሚያልፉትን ማስታወቂያዎች ላለማየት መሬት መሬት እያየ ተከተላት። ፈርቶ ነበር። የፈራው ከቤተ መጻሕፍቱ መባረርን ብቻ አልነበረም፤ ያንን የጠበቃዋን ፊት ዳግመኛ ማየትን ነው።

በማግስቱ ጠዋት ጠበቃዋ የታተመውን መጽሐፍ ገዝታ ቤተ መጻሕፍቱ ድረስ ይዛው መጣች። ማን እንዳረመው ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋትም፤ ማሽኑ በመጽሐፉ መጨረሻ እስከነአያቱ ነግሯታል። አራሚው ፊት ወንበሯን ስባ ተቀመጠችና፣ አንድ ጆሮዋ ላይ ስልኳን ለጥፋ መጽሐፉን ሰጠችው። ከመጀመሪያው ያንብቡልኝ፣ እኔ ደግሞ የእኛን ፋይል እያዳመጥኩ አስተያየዋለሁ አለችው። ለሱ ስትል ማሽኑን በዝግታ እንዲያነብ አድርጋዋለች። ኃላፊዋ በር ላይ ቆማ እጇን አጣምራ ታያለች።

አነበበ። ምን ያድርግ? ጥቁር መኪና ሲል ማሽኑ ከባድ መኪና ይላል። ሰማያዊ ሲል ቀለል ያለ ይላል። ጠበቃዋ በየልዩነቱ ጠረጴዛውን በጣቷ ታንኳኳለች። ጣቷ ዕረፍት አልነበረውም። ሻርፑ ጋ ሲደርሱ የአራሚው ግንባር በላብ ርሶ ነበር፤ ቢጫዋን ዘለላት፤ "ያ ሻርፕ" ብሎ አለፈ።

"ጋሼ፣ ቃል ዘለሉ" አለች ጠበቃዋ።

"እንዴት አወቅሽ?"

"ትንፋሽዎ ተደናቀፈ። ምስክር ሲዋሽ እንደዚያ ነው።" ስልኩን ከጆሮዋ አወረደች። "ቢጫ ያስከፋናል ብለው ነው?"

አራሚው ቀስ እያለ ሁሉንም ተናገረ፤ ፀሐይዋን፣ ወታደሩን፣ የርቀት መነጽሩን። ሊጎዳት አስቦ እንዳልሆነ፣ የሌላትን ነገር እያነሣ ሊያሳዝናት ስላልፈለገ እንደሆነ ነገራት። ጠበቃዋ እንደ ጨዋ ሰው እስኪጨርስ ሰማችው።

"ጋሼ፣ ሰው ገድለው ያውቃሉ?"

"እግዚኦ! ኧረ አላውቅም።"

"ታዲያ ገዳዩን ለምን ከመጽሐፉ አላወጡትም? የማያውቁት ነገር አያስከፋዎትም?"

በር ላይ የቆመችው ኃላፊ ራሷን ወደ ኮሪደሩ አዞረች።

"ፀሐይ ስትጠልቅ አይቻለሁ፤ አስታውሳለሁ" አለች ጠበቃዋ። "ፒያኖ አስተካካያችን አላየም፤ እሱም ግን ሰዎች ስለ ቀይ የሚያወሩትን ሲሰበስብ ኖሯል፤ የራሱ ቀይ አለው። እሱን ወሰዱበት። የኔን ግን ልንገርዎት። ከቢጫው ይልቅ የከፋኝ ሌላ ነው። እኛን የሚያውቅ ደራሲ አገኘሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ለካ ያ ሰው እርስዎ ነዎት።"

ይህን ስትናገር ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ፤ ችሎት ላይ ሲንቀጠቀጥ ሰምቶት የሚያውቅ ሰው የለም። አራሚው አፈረ። ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ያለ ምንም ሙቀት፣ ደረቱ ውስጥ ድንጋይ እንደተቀመጠ ሆኖ ተሰማው። ሥራውን እለቃለሁ አለ። ለሱ ቀላሉ መውጫ ያ ነበር።

ጠበቃዋ አልለቀቀችውም። እሱ የነካቸው ፋይሎች በሙሉ እንዲሰረዙና መጻሕፍቱ ከታሰሩት ገጾች እንደ አዲስ እንዲሠሩ ኃላፊዋን ጠየቀች። የት የት እንደለወጠ ስለማላውቅ ቢምልም አላምነውም አለች። ኃላፊዋ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ሲባጎ ፈትታ ስካነሩን ከፈተች። ስካነሩ ጥቂት ገጽ አቃስቶ፣ አንድ ረጅም ድምፅ አሰማና ዝም አለ። ላስቲኩን ፈትተው አሰሩት፤ ከላይ መቱት፤ ከኋላ ነቅለው ሰኩት። አለቀለት። አዲሱ ደግሞ ቴሌቪዥን ሆኖ ባንክ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

ሦስቱም ሬሳው ዙሪያ ቆሙ። አራሚው ጉሮሮውን ጠራረገ።

"እኔ እጽፈዋለሁ" አለ።

እንዲህ ሆኖ ቀይ እስክሪብቶ የቤተ መጻሕፍቱ ስካነር ሆነ። የታሰሩትን ገጾች በግራው አስቀምጦ፣ በሁለት ጣቱ፣ አንድ ፊደል ሳይጨምር ሳይቀንስ፣ ከጠዋት ጀምሮ ይመታል። ሲቀመጥ ያቃስታል። ፒያኖ አስተካካዩ ገና በር ላይ ሆኖ ያንን ማቃሰት ሲሰማ፣ ስካነራችን ዛሬም ይሠራል ብሎ ያልፋል። ኃላፊዋ በመጽሐፎቹ መጨረሻ የሱን ስም አውጥታለች፤ እሱም ምነው አላለም። ባለቤቱ ጣቶቹን ማታ ማታ በቅባት ታሽለታለች፤ አሁንም የነርስ ድርቅና አለቀቃትም፣ ይበልህ እያለች ነው የምታሸው።

የሻርፑ መጽሐፍ በመጨረሻ አለቀ። ቢጫዋን ሲመታ፣ አንዷንም ሳይዘል፣ በየቦታዋ መለሳት። ክበቡ በሙሉ ተሰብስቦ ሰማው። ፒያኖ አስተካካዩ ሲያልቅ ጥቂት አሰበና፣ እውነቱን ለመናገር ለስላሳው ይሻል ነበር አለ። አራሚው ሳያስበው ደረቱ ተነፋ፤ የሰው ነገር። ያችኑ የድሮዋን ሙቀት ሊቀምስ አንድ ስንዝር ሲቀረው፣ ጠበቃዋ ስልኳን ከጆሮዋ አውርዳ ወደሱ ዞረች።

"ጋሼ፣ መጽሐፉ ላይ ስሕተት አለ። የደራሲው አይደለም፤ ከታተመው ጋር ተመሳክሮልኛል፤ የእርስዎ ነው።" ወንበሯን ጠጋ አደረገች። "እንዳይከፋዎት ልተወው ወይስ ልንገርዎት?"

ዕድሜውን ሙሉ የእሱን ስሕተት ያገኘ ሰው አልነበረም፤ ያገኘም ካለ አዝኖለት ትቶታል ማለት ነው። ይህን ያሰበው አሁን ነው። ስንቱ ትቶለት ይሆን? ከፋው። ቢጫ በዓለም ላይ ማንንም አስከፍቶ ከሆነ ከዚያ ሰው በላይ ከፋው።

"ንገሪኝ" አለ።

ነገረችው። አንድ አልነበረም። ገና ሁለተኛው ምዕራፍ ሳያልቅ ቀይ እስክሪብቶውን ከደረት ኪሱ አውጥቶ መጻፍ ጀመረ፤ እባክሽ ቀስ በይልኝ ብሎ ለመናት፤ እሷ ግን ማሽኗን ባስለመደችው ፍጥነት ቀጠለች።